የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን ለመገደብ የሚጠየቀው የአሜሪካ ግዛቶች ጉባኤ

የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት እስከ ዛሬ 27 ማሻሻያዎች ተደርገውበታል። ሁሉንም ማሻሻያዎች አርቅቆ ለግዛቶች ያቀረበው የአገሪቱ ኮንግረስ ነው። ይሁንና የሕገ መንግሥቱ 5ኛ አንቀጽ ከኮንግረሱ ውጪ ማሻሻያ የሚመነጭበትን ሁለተኛ መንገድም ደንግጓል። ከግዛቶቹ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በሕግ አውጪ ምክር ቤቶቻቸው በኩል ከጠየቁ ኮንግረሱ ማሻሻያዎችን የሚያቀርብ ጉባኤ እንዲጠራ አንቀጹ ያስገድዳል። ይህ መንገድ ከ230 ዓመታት በላይ በወረቀት ላይ ቢቆይም አንድም ጊዜ በሥራ ላይ አልዋለም።

ያልተሞከረውን መንገድ ለመክፈት የሚደረገው እንቅስቃሴ በተለይ ከ2013 ወዲህ ተጠናክሯል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእንቅስቃሴው ደጋፊዎች የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣንና ወጪ ከልክ በላይ በማደጉ፣ ኮንግረሱም በራሱ ላይ ልጓም ያበጃል ተብሎ ስለማይጠበቅ ግዛቶች ጣልቃ መግባት አለባቸው ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ወሰኑ በውል ያልታወቀ ጉባኤ የዜጎችን መሠረታዊ መብቶች ለአደጋ ሊያጋልጥ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። የክርክሩ ማጠንጠኛ ማናቸውም ፌዴራላዊ ሥርዓት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ማዕከላዊው መንግሥት ከወሰኑ ሲያልፍ ወደ ቦታው የሚመልሰው ማን ነው? የሚል ነው።

ድንጋጌው የተጻፈበት ምክንያት

ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው የፊላደልፊያ ጉባኤ በ1787 ወደ ማብቂያው በተቃረበበት ወቅት ለውይይት የቀረበው ረቂቅ፣ ማሻሻያ የማቅረቡን ሥራ በማናቸውም መንገድ ለኮንግረሱ የሚተው ነበር። የቨርጂኒያው ልዑክ ጆርጅ ሜሰን ሴፕቴምበር 15 ቀን በተካሄደው ውይይት ይህን ተቃወሙ። መንግሥቱ ራሱ ጨቋኝ ሆኖ ቢገኝ ሕዝቡ የሚሻውን ማሻሻያ በዚያው መንግሥት በኩል ሊያገኝ አይችልም የሚል መከራከሪያ አቀረቡ። ጉባኤውም ሐሳቡን ያለ ተቃውሞ ተቀብሎ ግዛቶች ሲጠይቁ የማሻሻያ ጉባኤ የሚጠራበትን ድንጋጌ አስገባ።

ከሰነዱ ዋነኛ አርቃቂዎች አንዱ የነበሩት ጄምስ ማዲሰን ድንጋጌውን ባይቃወሙም፣ የጉባኤው አሠራርና ምልዓተ ጉባኤው እንዴት እንደሚወሰን አለመገለጹ ችግር ሊያስከትል እንደሚችል በዚያው ዕለት አሳስበው ነበር። ማዲሰን ያነሱት ጥያቄ ዛሬም ድረስ ሕጋዊ ምላሽ አላገኘም።

በድንጋጌው መሠረት ሂደቱ ሁለት የተለያዩ ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ማሻሻያ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የቀረበውን ማጽደቅ ነው። በአሁኑ ወቅት ካሉት 50 ግዛቶች ጉባኤ ለማስጠራት የ34ቱ ጥያቄ ያስፈልጋል። ጉባኤው የሚስማማበት ማናቸውም ሐሳብ ሕግ የሚሆነው ግን ከግዛቶቹ ሦስት አራተኛው፣ ማለትም 38ቱ ሲያጸድቁት ብቻ ነው። ፕሬዚዳንቱ በዚህ ሂደት ውስጥ የመፈረምም ሆነ ውድቅ የማድረግ ድርሻ እንደሌላቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1798 በሰጠው ውሳኔ አረጋግጧል።

የቅሬታው መነሻ

በ1791 የጸደቀው 10ኛው ማሻሻያ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠና ለግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን የግዛቶች ወይም የሕዝቡ መሆኑን ይደነግጋል። የእንቅስቃሴው ደጋፊዎች ይህ ድንበር ባለፉት መቶ ዓመታት ቀስ በቀስ ተሸርሽሯል ይላሉ። ለዚህም ደጋግመው የሚጠቅሷቸው የፍርድ ቤት ውሳኔዎች አሉ።

አንደኛው በኦሃዮ ግዛት ይኖሩ የነበሩት ሮስኮ ፊልበርን የተባሉ ገበሬ ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት የስንዴ ዋጋ እንዳይወድቅ ለእያንዳንዱ ገበሬ የሚዘራውን መሬት መጠን ወስኖ ነበር። ፊልበርን ከተፈቀደላቸው 11 ኤከር ገደማ አልፈው 23 ኤከር በመዝራታቸው ቅጣት ተጣለባቸው። ገበሬው ትርፉን ስንዴ ለገበያ ሳይሆን ለከብቶቻቸው መኖ፣ ለዘርና ለቤተሰባቸው ቀለብ እንደሚጠቀሙበት ቢከራከሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1942 ሳይቀበላቸው ቀርቷል። አንድ ገበሬ ለራሱ የሚያመርተው ስንዴ ከገበያ የሚገዛውን ስለሚቀንስ፣ የብዙ ገበሬዎች ድርጊት ሲደመር በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ ይነካል የሚል ነበር የፍርድ ቤቱ ምክንያት። ንግድን ለመቆጣጠር ለኮንግረሱ የተሰጠው ሥልጣን ከዚያ በኋላ ለበርካታ የፌዴራል ሕጎች መሠረት ሆኗል።

ሁለተኛው ምሳሌ ገንዘብን ይመለከታል። ኮንግረሱ በ1984 ባወጣው ሕግ የአልኮል መጠጥ መግዣ ዕድሜን 21 ዓመት የማያደርጉ ግዛቶች ለአውራ ጎዳና ከሚሰጣቸው የፌዴራል ገንዘብ ከፊሉ እንዲያዝባቸው ደነገገ። የደቡብ ዳኮታ ግዛት የመጠጥ ጉዳይ የግዛቶች ሥልጣን ነው በማለት ክስ ቢመሠርትም በ1987 ተረታ። ተቺዎች እንደሚሉት ኮንግረሱ በቀጥታ ሊያዝዝ በማይችለው ጉዳይ ላይ በገንዘብ ማባበያ የፈለገውን ማስፈጸም የቻለው በዚህ መንገድ ነው። የግዛቶች በጀት በእጅጉ በፌዴራል ድጋፍ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ምርጫው በስም ብቻ የቀረ ነው ሲሉም ይከራከራሉ።

ሦስተኛው ቅሬታ ከኮንግረስ አባላት የሥራ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በ1990ዎቹ 23 ግዛቶች ወደ ዋሽንግተን የሚልኳቸው እንደራሴዎች የሚያገለግሉበትን ዘመን የሚገድቡ ሕጎች አውጥተው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 በአምስት ለአራት ድምፅ ሕጎቹን ሽሯል፤ ገደቡን ማበጀት የሚቻለው በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ብቻ መሆኑንም አመልክቷል። ማሻሻያውን ማቅረብ የሚችለው ደግሞ ገደቡ የሚጣልበት ኮንግረስ ራሱ መሆኑ ደጋፊዎቹን ወደ ሁለተኛው መንገድ መርቷቸዋል። በ2024 መጨረሻ ከ36 ትሪሊዮን ዶላር በላይ የደረሰው የፌዴራሉ መንግሥት ዕዳም የጥያቄው ዋነኛ ማጠናከሪያ ሆኖ ይቀርባል።

በአንጻሩ የፌዴራሉ ሥልጣን ወሰን የለውም የሚለው አባባል ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ይኸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 በትምህርት ቤቶች አካባቢ የጦር መሣሪያ መያዝን የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ ከንግድ ጋር ግንኙነት የለውም በማለት ሽሮታል። በ2012 ደግሞ ለድሆች የሚሰጠውን የሕክምና ዋስትና ለማስፋት ፈቃደኛ ያልሆኑ ግዛቶችን ነባሩን ድጋፍ ጭምር ማሳጣት ማስገደድ ነው ሲል ወስኗል። ስለዚህም የእንቅስቃሴው ተቃዋሚዎች የሥልጣን ሚዛኑን ለመጠበቅ ፍርድ ቤቶችና ምርጫ በቂ ናቸው ብለው ያምናሉ።

ጥያቄው የደረሰበት ደረጃ

በአሁኑ ወቅት በስፋት የሚታወቀው እንቅስቃሴ በ2013 የተጀመረው የግዛቶች ጉባኤ የሚባለው ንቅናቄ ነው። ንቅናቄው የሁሉም ግዛቶች ጥያቄ ተመሳሳይ ይዘት እንዲኖረው ሦስት ርዕሶችን ለይቶ አቅርቧል። እነዚህም በፌዴራሉ መንግሥት ወጪ ላይ ገደብ ማበጀት፣ ሥልጣኑንና የሥልጣኑን ክልል መወሰን፣ እንዲሁም የባለሥልጣናትንና የኮንግረስ አባላትን የሥራ ዘመን መገደብ ናቸው። ጥያቄውን በ2014 በቅድሚያ ያጸደቀችው የጆርጂያ ግዛት ስትሆን፣ እስከ 2022 ድረስ ያጸደቁት ግዛቶች ቁጥር 19 ደርሶ ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል የሪፐብሊካን ፓርቲ ምክር ቤቶቻቸውን የሚመራባቸው ናቸው።

የቴክሳስ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት በ2016 መጀመሪያ ላይ ዘጠኝ ማሻሻያዎችን የያዘ ዕቅድ ይፋ አድርገዋል። ከነዚህም መካከል ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑ ግዛቶች የፌዴራል ሕግን ወይም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔን መሻር እንዲችሉ የሚጠይቀው ይገኝበታል። የቴክሳስ ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት የጉባኤውን ጥያቄ አጽድቋል።

የፌዴራሉ በጀት ሚዛኑን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ማሻሻያ እንዲቀርብ የሚጠይቀው ዘመቻ ከዚህ የቆየ ነው። ዘመቻው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቶ በ1983 የጠያቂዎቹ ቁጥር 32 በመድረሱ ለሚፈለገው ቁጥር ሁለት ግዛቶች ብቻ ቀርተውት ነበር። ከ1988 ጀምሮ ግን በርካታ ግዛቶች ጥያቄያቸውን ሰረዙ። ከ2010 ወዲህ እንቅስቃሴው ሲያንሰራራ ከፊሎቹ ጥያቄውን በድጋሚ ቢያጸድቁም፣ ደላዌር በ2016፣ ሜሪላንድ፣ ኔቫዳና ኒው ሜክሲኮ ደግሞ በ2017 ቀደም ሲል ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች አንስተዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ከሚኖሩት በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከፊሎቹ የሚገኙት በዚህችው ሜሪላንድ በመሆኑ ክርክሩ ለእነርሱም እንግዳ አይደለም።

ጉባኤ የመጠየቁ ነገር የአንድ ወገን ፖለቲካ ብቻ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ድርጅቶች ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡትን ገንዘብ የሚገድበውን ሕግ ከሻረ በኋላ፣ ቨርሞንትና ካሊፎርኒያ በ2014 ይህንኑ ለመቀልበስ ጉባኤ እንዲጠራ ጠይቀዋል። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በአገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም አነሳሽነት በ2023 የጦር መሣሪያ ቁጥጥርን የሚመለከት ተመሳሳይ ጥያቄ አጽድቋል። ሁለቱ ተቃራኒ ወገኖች ዓላማቸው ቢለያይም የሚያንኳኩት በር አንድ ነው።

ምላሽ ያላገኙ ጥያቄዎች

የጉባኤው ጥያቄ 34 ግዛቶች ላይ ቢደርስ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ ሕግ የለም። ሕገ መንግሥቱ ልዑካኑን ማን እንደሚመርጥ፣ እያንዳንዱ ግዛት ስንት ድምፅ እንደሚኖረው፣ ውሳኔ በምን ያህል ድምፅ እንደሚያልፍ አይናገርም። አንድ ግዛት አንድ ድምፅ ይኑረው ቢባል በ2020 ቆጠራ 39 ሚሊዮን ተኩል ያህል ሕዝብ የነበራት ካሊፎርኒያና ከ600 ሺህ ያነሰ ነዋሪ ያላት ዋዮሚንግ እኩል ይሆናሉ። ድምፁ በሕዝብ ብዛት ይሁን ቢባል ደግሞ ጥያቄውን ያነሱት አነስተኛ ግዛቶች በራሳቸው ጉባኤ ተሰሚነት ሊያጡ ይችላሉ።

የጥያቄዎቹ አቆጣጠርም አወዛጋቢ ነው። ስለ በጀት የቀረበው ጥያቄ ስለ ሥራ ዘመን ከቀረበው ጋር ይደመር ይሆን? ከአርባ ዓመታት በፊት የቀረበ ጥያቄ ዛሬም ይጸናልን? አንድ ግዛት ጥያቄውን መሰረዝስ ይችላል? የሚሉት ጉዳዮች በፍርድ ቤት አልተቋጩም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1939 በሰጠው ውሳኔ ከማሻሻያ ሂደት ጋር የተያያዙ አንዳንድ ጉዳዮችን የሚፈታው ኮንግረሱ መሆኑን ገልጿል። ኮንግረሱ ግን ሥርዓቱን የሚወስን ሕግ አላወጣም። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ በ1971 እና በ1973 ለዚህ የተዘጋጁ ረቂቆችን ቢያሳልፍም የተወካዮች ምክር ቤት ስላላጸደቃቸው ሳይሠሩ ቀርተዋል። የግዛቶቹን ጥያቄዎች ሰብስቦ ለሕዝብ ይፋ የማድረግ አሠራር እንኳ በተወካዮች ምክር ቤት የተጀመረው በ2015 ነው።

ከዚህ የሚነሳው ችግር ለእንቅስቃሴው መሠረታዊ ነው። ኮንግረሱ እንቢ ሲል ለማለፍ የተበጀው መንገድ የሚጀምረው ኮንግረሱ ጥያቄዎቹን ቆጥሮ ጉባኤውን ሲጠራ ነው። ሜሰን ያሳሰባቸውን ችግር ለመፍታት የተጻፈው ድንጋጌ ቁልፉን መልሶ ለኮንግረሱ አስረክቦታል ማለት ይቻላል።

ሥጋቱና መከላከያው

ተቃዋሚዎች ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ጉባኤው ከተጠራበት ጉዳይ ሊወጣ መቻሉን ነው። የ1787ቱን ጉባኤ ራሱን በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። ያ ጉባኤ በወቅቱ የነበረውን የግዛቶች ውል እንዲያሻሽል ተጠርቶ ፍጹም አዲስ ሕገ መንግሥት አርቅቋል። ነባሩ ውል ለማሻሻያ የ13ቱንም ግዛቶች ስምምነት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ አዲሱ ሰነድ በዘጠኙ ብቻ ሥራ ላይ እንዲውል ወስኗል። የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር በ1988 በጻፉት ደብዳቤ የጉባኤን አጀንዳ ለመገደብ የሚያስችል አስተማማኝ መንገድ እንደሌለ አስጠንቅቀዋል። ይህን ሥጋት ወግ አጥባቂዎችም ሆኑ ለዘብተኞች ይጋሩታል። ወግ አጥባቂዎቹ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት እንዳይነካ፣ ለዘብተኞቹ የዜጎች እኩልነት ዋስትና የሆነው 14ኛው ማሻሻያ እንዳይሸረሸር ይፈራሉ።

ደጋፊዎቹ ለዚህ የሚሰጡት መልስ የ38 ግዛቶች ይሁንታ ነው። ጉባኤው የማቅረብ እንጂ የማጽደቅ ሥልጣን ስለሌለው 13 ግዛቶች ብቻ ዝም ቢሉ ማንኛውም ሐሳብ ይወድቃል። በአንድ ጉዳይ ላይ 38 ግዛቶችን ማስማማት በሁለት ጎራ በተከፈለች አገር ውስጥ እጅግ ከባድ በመሆኑ ጽንፈኛ ሐሳብ አልፎ ይሄዳል የሚለው ሥጋት የተጋነነ ነው ይላሉ። ግዛቶች ልዑካኖቻቸው ከተሰጣቸው ውክልና እንዳይወጡ የሚያስገድዱ ሕጎች ማውጣት መጀመራቸውንም ይጠቅሳሉ።

የማሻሻያዎቹ ይዘትም ቢሆን የራሱ ክርክር አለው። አብዛኞቹ ግዛቶች በሕግ በጀታቸውን ማመጣጠን ይጠበቅባቸዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም እንዲሁ ያድርግ የሚለው ሐሳብ ለብዙዎች ቀላልና ፍትሐዊ መስሎ ይታያል። ሆኖም ግዛቶች በችግር ጊዜ ሚዛናቸውን የሚጠብቁት የፌዴራሉ መንግሥት ተበድሮ ስለሚደግፋቸው ጭምር መሆኑን የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ያስገነዝባሉ። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት በ2021 በወጣው ሕግ ለግዛቶችና ለአካባቢ አስተዳደሮች የተመደበው 350 ቢሊዮን ዶላር ለዚህ ማሳያ ነው። ልጓሙ ቢታሰር ኖሮ ይህን ገንዘብ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆን ነበር።

ሳይጠራም የሠራ ጉባኤ

ጉባኤው አንድም ጊዜ አለመጠራቱ ድንጋጌው ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ በ1788፣ ኒው ዮርክ ደግሞ በ1789 ጉባኤ እንዲጠራ ሲጠይቁ፣ ኮንግረሱ ፈጥኖ 12 ማሻሻያዎችን አቅርቧል። ከነዚህ አሥሩ በ1791 ጸድቀው የአሜሪካውያን የመብት ድንጋጌዎች ተብለዋል። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በግዛት ምክር ቤቶች መመረጣቸው ቀርቶ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጡ የተጠየቀ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። ምክር ቤቱ ለዓመታት ሲያንገራግር ቆይቶ የጠያቂ ግዛቶች ቁጥር ወደ ሁለት ሦስተኛ ሲቃረብ ማሻሻያው በ1912 ቀርቦ በ1913 ጸድቋል። የበጀቱ ዘመቻም በተፋፋመበት በ1982 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ የበጀት ማሻሻያ እንዲያሳልፍ አስገድዷል፤ የተወካዮች ምክር ቤት ግን ሳይቀበለው ቀርቷል።

ከእነዚህ ሁኔታዎች መረዳት እንደሚቻለው የድንጋጌው ኃይል እስካሁን የታየው ጉባኤው ሊጠራ ይችላል በሚለው ግፊት ነው። ኮንግረሱ ያልታወቀ ጉባኤ ከሚሰበሰብ ማሻሻያውን ራሱ ቢያቀርብ ይመርጣል። ተቃዋሚዎችን የሚያስፈራው የደንብ አለመኖርም ግፊቱን የሚያበረታው እርሱው ነው።

ሕገ መንግሥትን የማሻሻል ጥያቄ ከማዕከሉ ብቻ ሳይሆን ከፌዴሬሽኑ አባላትም እንዲመነጭ መፍቀድ በአሜሪካ የተወሰነ አሠራር አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 104፣ ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በድምፅ ብልጫ የደገፉት የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይትና ውሳኔ እንዲቀርብ ይደነግጋል። ልዩነቱ የኢትዮጵያው ድንጋጌ ሐሳቡን በምክር ቤቶቹ በኩል የሚያንቀሳቅስ ሲሆን፣ የአሜሪካው ራሱን የቻለ ጉባኤ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

በአሜሪካ የሚጠየቀው ጉባኤ በቅርቡ ይጠራ ይሆን የሚለው በየግዛቱ ምክር ቤቶች ድምፅ የሚወሰን ነው። 34 ግዛቶች ላይ ለመድረስ እንቅስቃሴው አንድ ፓርቲ ብቻ ከሚመራቸው ምክር ቤቶች አልፎ የሌላውንም ወገን አመኔታ ማግኘት ይኖርበታል። ይህን አመኔታ ለማግኘት ደግሞ ማዲሰን በ1787 ያነሷቸው የአሠራር ጥያቄዎች ጉባኤው ከመጠራቱ አስቀድሞ መልስ ሊያገኙ ይገባል። የፌዴራሉን ሥልጣን በወሰን ለማቆም የሚሻ ወገን፣ የሚጠራው ጉባኤም ወሰን እንዳለው ዜጎችን ማሳመን ይጠበቅበታል።